ለስላሳ የፒፓ ትምባሆ እንዴት ይቀመሳል? የአንድ ቡና ቀማሽ ተሞክሮ

አንድን ለስላሳ የፒፓ ትምባሆ ቅይጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀምሼ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩት ፍርድ «ጣዕም የለውም፤ ምላስ ይቆጠቁጣል» የሚል አንድ መስመር ነበር። ከአራት ወር በኋላ ከዚያው ጣሳ የወጣውን ያንኑ ትምባሆ ቀምሼ ሁለት ገጽ ጻፍኩበት። ትምባሆው ያው ነው፤ በመካከሉ የተለወጠው የምጠቀጥቅበት፣ የምለኩስበትና የምስብበት መንገድ ነው። ብዙ ሰው ለስላሳ ቅይጥ ገዝቶ በሁለተኛው ቀን ጣሳውን ሲጥል ስለማይ፣ የሄድኩበትን መንገድ ከነስሕተቴ ለመጻፍ ወሰንኩ።

ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር፤ የምሰጠው ምክር የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ሰባት ዓመት ቡና ቀማሽ ነበርኩ። የቀማሽ እንጀራው ምላሱና አፍንጫው ስለሆነ በእነዚያ ዓመታት ትምባሆ በአፌ አልዞረም፤ ቅምሻ ባለበት ቀን ቅመም የበዛበት ወጥ እንኳ አልበላም ነበር። ፒፓን የተዋወቅኩት ሙያውን ትቼ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ መኖር ከጀመርኩ በኋላ፣ ጋሼ እያልኩ በምጠራቸው በአንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ በረንዳ ላይ ነው። ጋሼ ከተማሪነታቸው ዘመን ጀምሮ ፒፓ ከእጃቸው ያልተለየ ሰው ናቸው፤ ከዚህ በታች ከምጽፈው ግማሹን የተማርኩት ከእሳቸው ነው፤ ግማሹ ከቡና ቅምሻ ጠረጴዛ ይዤው የመጣሁት ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት በግልጽ መናገር የሚገባኝ ነገር አለ። ጭሱ ወደ ሳንባ ባይወርድም እንኳ ፒፓ ማጨስ የከንፈር፣ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር ያመጣል፤ ለስላሳ የተባለ ቅይጥም ከዚህ ነጻ አይደለም። ይህን የምጽፈው አስቀድሞ ፒፓ ለሚያጨስ ጎልማሳ ነው፤ የማያጨስ ሰው ባይጀምረው እመርጣለሁ። እኔ ራሴ በሳምንት ከሁለት ፒፓ አላልፍም፤ ቤት ውስጥም ሆነ ልጆች ባሉበት አልለኩስም። በአገር ቤት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ እንዲሁም ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ ለገበያ ማቅረብን ይከለክላል። ስለዚህ በቫኒላ ወይም በቼሪ የታሸ ትምባሆ ለዘመድ ይዞ ለመግባት የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

አሁን ወደ ጣሳው እንመለስ። ቅይጡ የሦስት ቅጠሎች ነው፤ አብዛኛው ቨርጂኒያ፣ ቀጥሎ በርሊ፣ ጥቂት ደግሞ ጣዕም ያልተጨመረበት ጥቁር ካቨንዲሽ። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው ምክሬ ለአንድ ጣሳ ብቻ እንዳይመስል ነው፤ እነዚህን ሦስቱን የያዘ ለስላሳ ቅይጥ ብዙ ስለሆነ አንባቢው እጁ ላይ ባለው ሊሞክረው ይችላል።

ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ማወቅ ለፍርድ ይረዳል። ቨርጂኒያ የሚባለው ቅጠል የሚደርቀው እሳቱ ውጭ ሆኖ ሙቀቱ ብቻ በቧንቧ በሚገባበት ቤት ውስጥ ነው። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጀምርና ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ በኋላ ቀስ በቀስ ከ70 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ሥራው በአንድ ሳምንት ገደማ ያልቃል። እንዲህ በፍጥነት ስለሚደርቅ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ስኳር ሳይበላ ይቀራል፤ የጣፋጭነቱ ምንጭም፣ ሲቸኩሉበት ምላስን የሚያቃጥልበት ምክንያትም ይኸው ነው። ብሩህ ቢጫ ቅጠል በሙቀት የማውጣት ብልሃት የተገኘው በ1839 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና፣ በካስዌል አውራጃ፣ ስቲቨን በተባለ በባርነት ይሠራ በነበረ ወጣት እጅ እንደሆነ ይተረካል፤ እሳቱ ሊጠፋበት ሲል የከሰል ፍም ጨምሮ ሙቀቱን ድንገት ከፍ በማድረጉ ነው ይባላል። ቨርጂኒያን የሚያወድስ ሰው ሁሉ ይህን ስም ቢያነሣ ደስ ይለኛል። በርሊ በአንጻሩ ያለ እሳት፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጎተራ ተሰቅሎ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት የሚደርቅ ስለሆነ ስኳሩ ከሞላ ጎደል ያልቃል፤ ጣዕሙ ደረቅና የቆሎ ዓይነት ነው። ካቨንዲሽ የቅጠል ዘር አይደለም። ቅጠልን በእንፋሎት አብስሎና ተጭኖ የማጥቆር አሠራር ነው፤ በቅይጥ ውስጥ ሌሎቹን የሚያስማማው እሱ ነው።

ስሕተቴ የጀመረው «ለስላሳ» የሚለውን ቃል አንድ ነገር አድርጌ በመውሰዴ ነው። ከብዙ ቅምሻ በኋላ የተረዳሁት በዚህ ቃል ሥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች መኖራቸውን ነው። የመጀመሪያው የጣዕም ልስላሴ ነው፤ ይህም አንዱ ቅጠል በሌላው ላይ አለመጮኹ ነው። ሁለተኛው ለምላስ መልስለሱ፣ ማለትም አለመቆጥቆጡና አለማቃጠሉ ነው። ሦስተኛው ለሰውነት መልስለሱ ነው፤ ያም የኒኮቲኑ መጠን ነው። አንድ ቅይጥ በአንዱ ለስላሳ ሆኖ በሌላው ኃይለኛ ሊሆን ይችላል፤ ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን የትኛውን እንደሚል አይነግርም። ስለዚህ ሦስቱን ለይቶ ያልመዘነ ሰው ስለ ለስላሳ ትምባሆ የሚሰጠው ፍርድ ሌላውን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ፤ የእኔ የመጀመሪያ ፍርድም እንዲሁ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን አስታውሰዋለሁ። ጣሳውን እንደከፈትኩ እርጥቡን ትምባሆ አንሥቼ፣ ከሳምንት በፊት ላታኪያ ባጨስኩበት ፒፓ ውስጥ ጠቀጠቅኩትና እንደ ሲጋራ እየደጋገምኩ ሳብኩት። ላታኪያ በማገዶ ጭስ የሚታጠን ቅጠል ነው፤ ሽታው በፒፓው ውስጥ ሰንብቶ በኋላ የሚገባውን ለስላሳ ቅጠል ይሸፍነዋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የፒፓው ራስ በእጅ የማይያዝ ሆነ፤ ከሥሩ ውሃ ይንቆረቆር ጀመር፤ ምላሴም ፈላ። ጋሼ ከወንበራቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው «ልጄ፣ ቡናን በስኒ ፉት ነው የሚሉት፤ አንተ በጀበናው አንደቀደቅከው እኮ» አሉኝ። ደብተሬን ዘግቼ «እሺ ጋሼ፣ እንዴት እንደሆነ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

መጀመሪያ ያስተካከሉልኝ ፒፓውን ነው። ለቅምሻ የሚሆን ፒፓ የሌላ ትምባሆ ሽታ የሌለበት መሆን አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራውን የሚያህል የለም። ርካሽ ነው፣ ጭሱን በደረቅነት ያሳልፋል፤ ለእያንዳንዱ የቅጠል ዓይነት አንድ አንድ መመደብም ይቻላል። ሚዙሪ ውስጥ ዋሽንግተን በተባለች ትንሽ ከተማ ይህ ፒፓ ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። ጋሼ ራሳቸው የሚወዱት ግን የእንጨቱን ፒፓ ነው፤ ስለ እሱ የነገሩኝ ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ዓለም ሁሉ የሚያደንቀው የፒፓ እንጨት የሚወጣው በሜዲትራኒያን ዳርቻ ከሚበቅል ቁጥቋጦ የሥር እባጭ ነው፤ ያ ቁጥቋጦ የእኛው አስታ ነው፤ በሰሜን ተራሮችና በባሌ ብርድ ላይ የምናውቀው ያው ዝርያ። እባጩ ከተቆፈረ በኋላ ለብዙ ሰዓት ተቀቅሎ፣ ከዚያም ለወራት ደርቆ ነው የሚፈለፈለው። የአስታን ስም በዚያ በረንዳ ላይ መስማቴ፣ ፒፓውንም በእጄ መያዜ ያገሬን ተራራ የመንካት ያህል ሆነብኝ።

ቀጥሎ የሚመጣው እርጥበት ነው፤ አብዛኛው ሰው ጣዕም የሚያጣው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከጣሳ የወጣ ትምባሆ ብዙ ጊዜ ለማጨስ ከሚገባው በላይ እርጥብ ነው። እርጥብ ትምባሆ ለመንደድ ኃይለኛ መሳብ ይፈልጋል፤ ኃይለኛ መሳብ ሙቀት ያመጣል፤ ሙቀቱ ውሃውን እንፋሎት ያደርገዋል፤ ምላስን የሚቀቅለው ያ እንፋሎት ነው። እኔ የማደርገው ለአንድ ፒፓ የሚበቃውን በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቼ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ መተው ነው። ከዚያ ቆንጠር አድርጌ በሁለት ጣቴ እጨምቀዋለሁ። ተጣብቆ ከቀረ ገና ነው፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ከተሰባበረ አልፎበታል። ጣቴን ስለቀው ቀስ ብሎ እንደ ተጨመቀ ስፖንጅ ሲፈታ ያን ጊዜ ደርሷል።

መጠቅጠቁ በሦስት ዙር ይሆናል። የመጀመሪያው ዙር በስበቱ ብቻ ወደ ፒፓው ጉድጓድ ይወርዳል፤ በጣት የሚነካው እንደ ሕፃን እጅ በለዘበ ግፊት ነው። ሁለተኛው ጠንከር ይላል፣ ሦስተኛው ከሁሉም ይጠነክራል። ሳይለኮስ ሲሳብ ውሃን በቀጭን ስትሮ እንደመሳብ ያለ ትንሽ እንቢታ መሰማት አለበት፤ ምንም ካልተሰማ ላልቷል፤ ጉንጭ የሚያጎደጉድ ከሆነ ጠብቋልና ባዶ አድርጎ እንደገና መጀመር ይሻላል። በዚህ ሳይለኮስ በሚሳብበት ጊዜ የሚገኘው ጣዕም ራሱ መመዝገብ ያለበት ነው፤ በእኔ ቅይጥ ላይ የዘቢብና የድርቆሽ ጣዕም ያገኘሁት እዚህ ነው።

ክብሪት ሲጫር ጫፉ ላይ ያለው ኬሚካል ተቃጥሎ እስኪያልቅ መጠበቅ፣ ከዚያ እሳቱን በትምባሆው ፊት ላይ በዙሪያው ማዞር ይገባል። ቅጠሉ ይነሣና ያብጣል፤ በመጠቅጠቂያው በቀስታ ይስተካከላል፤ ይጠፋል። ሁለተኛው መለኮስ ነው እውነተኛው። ከዚያ በኋላ ትልቁ ሥራ አለመቸኮል ነው። እኔ አንድ ጊዜ በቀስታ ፉት እልና ሦስት ወይም አራት ጊዜ እተነፍሳለሁ፤ የፒፓውን ራስ በመዳፌ ይዤ መቆየት ካልቻልኩ አስቀምጠዋለሁ። ትምባሆው ቢጠፋ ነውር የለውም፤ በአንድ ቅምሻ ሦስትና አራት ጊዜ ደግሜ እለኩሳለሁ።

የቡና ሙያዬ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። በቅምሻ ጠረጴዛ 8.25 ግራም ቡና ላይ 93 ዲግሪ ገደማ የሞቀ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይፈስስበታል፤ አራት ደቂቃ ቆይቶ ከላይ ያረፈው ቅርፊት በማንኪያ ይሰበራል። ምላስ የሚቀርበው ግን ቡናው በረድ ካለ በኋላ ነው። የይርጋጨፌ ቡና አበባነቱን፣ የሐረር ቡና ፍሬነቱን የሚሰጠው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ትኩሱ ስኒ ጥሩውንም ጉድለቱንም ይደብቃል። ለስላሳ ትምባሆም እንዲሁ ነው፤ ጣዕሙ ያለው በቀዝቃዛ ጭስ ውስጥ ነው። ላታኪያ የበዛበት ቅይጥ ቢቸኩሉበትም ስሙን ይናገራል፤ ለስላሳው ግን ከሞቀ ዝም ይላል። እኔ ጣዕም የለውም ብዬ የጻፍኩት ያን ዝምታውን ነበር።

ጭሱ በአፍ ውስጥ ጥቂት ከቆየ በኋላ ወደ ሳንባ ሳይወርድ ጥቂቱን ብቻ በአፍንጫ በኩል ማስወጣት የጣዕሙን ትልቅ ክፍል ይከፍታል። አብዛኛው ጣዕም የምንለው ነገር በአፍንጫ የሚታወቅ ሽታ ስለሆነ፣ ይህን የማያደርግ ሰው የሚመዝነው በምላሱ የተቀበለውን ጣፋጭና መራራ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ያስነጥሳል፤ እጅግ ጥቂት ጭስ በመልቀቅ መለማመድ ይገባል። አፍንጫው ከተቆጠቆጠ ፒፓው ሞቋል ማለት ስለሆነ ይህ ራሱ ጥሩ መለኪያ ነው።

በቅምሻ ጊዜ ቀዝቃዛ ካልሆነ ውሃ በቀር ሌላ ነገር አልጠጣም። ቡና ከፒፓ ጋር ደስ እንደሚል ለማንም አልክድም፤ ግን የቡናው ምሬት የበርሊውን ምሬት ይውጠዋል፣ ያን ጊዜ የቀመሱት የትኛውን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ቡናው ከፍርዱ በኋላ ይመጣል።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር ልበል። የውጭ አገር ቀማሾች ስለ ትምባሆ ሲጽፉ የሚጠቅሷቸውን ፍራፍሬዎችና ጣፋጮች ብዙዎቻችን በልጅነታችን አልቀመስንም። እኔም መጀመሪያ ቃላቸውን ስዋስ የራሴን ምላስ አጣሁ። የረዳኝ ወደ እናቴ ጓዳ መመለሴ ነው። በርሊው የሚሸተው ገብስ ተቆልቶ በሶ ሲፈጭ ከወፍጮው ሥር የሚነሣውን ሽታ ነው፤ ይህን ካገኘሁ በኋላ በየቅይጡ ውስጥ በርሊን ማንም ሳይነግረኝ መለየት ጀመርኩ። ቨርጂኒያው በመጀመሪያው ሲሶ ላይ ፀሐይ የመታው የጤፍ ጭድ ነው፤ ወደ መካከሉ ሲደርስ ከኮባ የወጣ የድፎ ዳቦ ቅርፊት ይሆናል። ካቨንዲሹ ደግሞ እንደ ተቃጠለ ስኳር ነው፤ ብቻውን ጎልቶ አይወጣም፤ በላንቃ ላይ ግን ጭሱን ወፈር ያደርገዋል።

የአንድ ቀን ቅምሻ ለፍርድ አይበቃም። ቡና ላይ ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ የምንቀዳው ስኒዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ለማየት ነው፤ እኔም ከአንድ ጣሳ አምስት ፒፓ ሳላጨስ ቁጥር አልሰጥም። አምስቱን በተለያየ ቀን፣ ግን በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ ራት ተበልቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ አደርጋቸዋለሁ። በአምስቱም ላይ የተደገመውን ጣዕም ለትምባሆው እሰጣለሁ። አንድ ቀን ብቻ የታየውን ለዕለቱ እርጥበት፣ ለጉንፋኔ ወይም ለአጠቃጠቄ እተወዋለሁ። እንዲህ ስለማደርግ «ምላስ ይቆጠቁጣል» ያልኩት ጉድለት ከአምስቱ በአንዱ ብቻ፣ ያውም ሳላደርቀው በለኮስኩበት ምሽት እንደታየ ደብተሬ መሰከረልኝ።

ራት ከተበላ በኋላ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሌሊት ሥራ ተመልሼ፣ ባዶ ሆዴን፣ በርሊ የበዛበትን ሌላ «ለስላሳ» ቅይጥ ለኮስኩ። ጣዕሙ እውነትም የለዘበ ነበር፤ ምላሴንም አልነካኝም። ግማሹ ላይ ስደርስ ስቅታ ያዘኝ፤ ቀጥሎ ግንባሬን ቀዝቃዛ ላብ አጠበው፤ ሆዴ ተገለበጠ። ባለቤቴ ስኳር የበዛበት ሻይ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «አንተ፣ ለስላሳ ነው ስትል አልነበር?» አለችኝ። የሆነው ይህ ነው፤ የቨርጂኒያ ጭስ ወደ አሲድነት ያደላል፤ በአየር የደረቀ የበርሊ ጭስ ግን ወደ አልካሊነት ስለሚያደላ ኒኮቲኑ ጭሱ ሳይዋጥ እንኳ በአፍ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። ሦስተኛውን ልስላሴ ለይቶ መመዘን እንደሚያስፈልግ ያስተማረኝ ያ ጠዋት ነው። ሰው ቅይጡን የማያውቀው ከሆነ በትንሽ ፒፓ፣ ምግብ በልቶ፣ ተቀምጦ ይጀምር፤ ስቅታ ሲመጣ ፒፓውን ያስቀምጥ፤ ግማሽ ፒፓ መተው ጸያፍ አይደለም።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። በጣዕም ልስላሴ የመጀመሪያውን ጣሳ ቅይጥ ከ10 ስምንት ሰጥቼዋለሁ፤ ሦስቱ ቅጠሎች ከመጀመሪያው ለኮሳ እስከ መካከሉ ድረስ ተራ ጠብቀው ይናገራሉ፤ ከመካከሉ በኋላ ያለው የዳቦ ቅርፊትና የበሶ ጣዕም ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ክፍል ነው። ለምላስ መልስለሱን ለደረቀው ትምባሆ ስምንት ተኩል፣ ላልደረቀው አምስት ብዬ ሁለት ቁጥር ጻፍኩ፤ አንድ ቁጥር ብቻ ብጽፍ አንባቢውን አሳስተው ነበር። ለሰውነት መልስለሱ ከራት በኋላ ምንም አላስቸገረኝም፤ የጠዋት ትምባሆ ግን አልለውም። የሚጎድለው መጨረሻው ነው። የመጨረሻው ሲሶ ላይ ጣፋጭነቱ ያልቅና አመድ አመድ የሚል ደረቅ ምሬት ይተካዋል፤ ይህ በአምስቱም ቀን ስለተደገመ ለትምባሆው ሰጥቼዋለሁ፤ እዚያ ሲደርስ ማቆምን መርጫለሁ። ከቆመ በኋላ ግን በአፍ የሚቀረው ጣዕም ንጹሕ ነው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንኳ ጥቂት የቆሎ ጣዕም ይገኛል።

ጋሼ በመጨረሻው ፍርዴ አይስማሙም። እሳቸው ያ ደረቅ መጨረሻ የበርሊው ሐቀኝነት ነው ይላሉ፤ ፒፓቸውንም ነጭ አመድ እስኪቀር ድረስ ያጨሳሉ። ከ50 ግራሙ ጣሳ ውስጥ የቀረውን ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ አድርጌ፣ ቀኑን በወረቀት ጽፌ ለጥፌበት ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ቨርጂኒያ ተከድኖ ሲከርም ጣዕሙ እየሰከነና እየጠለቀ ይሄዳልና። ሁለት ዓመት ሲሞላው ለመክፈት ከጋሼ ጋር ተስማምተናል፤ ያን ቀን የሁለታችንም ፒፓ ከቆረቆንዳ የተሠራ ይሆናል፤ ሁለቱ ገጽ ማስታወሻዬም ጠረጴዛው ላይ ይኖራል።